አንድ ክረምት የጎደለው ቀርከሃ

የሥራ አስተማሪዬ ጋሽ አለኸኝ በስብሰባው መሀል ተነሥተው «ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ» ሲሉ፣ ቀርከሃውን በእርግጥ ያስቆረጥሁት እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር ወይ? ጡረታ ወጥቼ ከቤት ከዋልሁ ወዲህ ይህን ሳልጠይቅ ያሳለፍሁት ቀን የለም። መልሱን ሊነግሩኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ከተቀበሩ ግን ሁለት ዓመት አልፏል። ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ትምህርት የጀመርሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በልጅነቴ ከተዳርሁበት ቤት ወጥቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ራስ ክርኔ ላይ ነበር የሚደርሰው። ፊደልን ዘግይቼ ስላገኘሁት እንደ ንብረት ያዝሁት፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አንብቤ ነበር የምጥለው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በደን ሥራ ሠርተፊኬት ስይዝ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ይድሩ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መጀመሪያ የተመደብሁት አዲ አርቃይ ነው። ሙቀቱን አልቻልሁትም፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የገደል መንገድ ደግሞ በወጣሁና በወረድሁ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዳባት አዛወሩኝ። አለቃዬ ሪፖርት በሰዓቱ ከደረሰው ሌላ የማይጠይቅ ሰው ነበር፤ ደመወዙም የሚወራለት አልነበረም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መዝገብ የሚወድ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ያኔ ችግራችን እንጨት ነበር። አንድ ቤት ሲሠራ አንድ ጥግ ተራራ ይራቆታል። ባሕር ዛፉም ቢሆን ምንጩን አደረቀብን እያሉ ገበሬዎቹ ያማርሩ ነበር። ታዲያ ጽሕፈት ቤቱ ከአዊ በኩል የቀርከሃ ሥር በመኪና አስመጥቶ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ እርጥብ ሸለቆ አስተከለ። ቀርከሃ ቢቆረጥ ሥሩ አይሞትም፤ በየክረምቱ አዲስ ያወጣል። ከሥሩ ጋር አብረው የመጡት ጋሽ አለኸኝ ናቸው፤ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ በቀርከሃ ቤት የሚሠሩ ሰው።

የዳባት ሰው መጀመሪያ ሳቀብን።

«በቅርጫት ውስጥ ልታኖሩን ነው? ዶሮ ነን እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ።

ጋሽ አለኸኝ ተነሡ። አንድ ቀርከሃ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደሙና «አባቴ፣ እስቲ ይውጡበት» አሏቸው። ሽማግሌው ወጡበት። «ይዝለሉ» አሏቸው። ዘለሉ። ቀርከሃው ጎበጥ ብሎ መልሶ ሲያነሣቸው ሕዝቡ በሳቅ አለቀ፤ እሳቸው ራሳቸው ሳቁ።

ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እኔን «ደብተሬ» ይሉኛል። «ደብተሬ፣ ይህንን ጻፊው፤ እኔ ከሞትሁ ማን ያስታውሰዋል?» ይሉና ሲናገሩ እጽፋለሁ። ቀርከሃ ከመሬት ሁለተኛው አንጓ ላይ፣ ከአንጓው ጥቂት ከፍ ተብሎ ይቆረጣል፤ ጉቶው ውስጥ ውሃ እንዳይተኛና ሥሩን እንዳያበሰብስ። ከተቆረጠ በኋላ ቅጠሉ ሳይረግፍ እዚያው ቁጥቋጦው ላይ ተደግፎ ይሰነብታል። ከዚያ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት አንድ ወር ይነከራል፤ ነቀዝ የሚወደው ጣፋጩ እንዲወጣለት። ፀሐይ ሳያየው ጥላ ሥር ቆሞ ይደርቃል። ምስማር አይነካውም፣ ይሰነጥቀዋል። አንዱ በሌላው ላይ የሚያርፍበትን አፍ እንደ ኮርቻ ጎድጉደው በእርጥብ የበሬ ጠፍር ያስሩታል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይጨማደድና መገጣጠሚያውን እንደ ብረት ያንቀዋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሁለት ልማዳቸው ነው። አንደኛው መቁረጥ ሲጀመር ነው። እኔ የየቀርከሃውን ዕድሜ ከምይዝበት መዝገቤ የደረሰውን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ግንዱ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአውራ ጣታቸው አጥንት ያንኳኳሉ። «ይሄ ይቆይ» ይላሉ። «ጋሼ፣ ደርሷል እኮ፤ መዝገቡ ላይ አለ» እላለሁ። «መዝገቡ ይቁረጠው እንግዲህ» ብለው ያልፉታል። በየዓመቱ ካልኋቸው ውስጥ ብዙውን ይተዉብኝ ነበር፤ በሆዴ እናደድ ነበር። የተማርሁትን ያናናቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ ጣራ ሲያልቅ ባዶው ወለል ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው በጀርባቸው ይተኛሉ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ፣ ወራጆቹን አንድ በአንድ እያዩ። «ከሥሩ ያልተኛሁበትን ጣራ ለሰው አልሰጥም» ይላሉ። ቡይት ራስ በሚባለው ብርዳማ ተራራ ላይ የሠራነው መጠለያ ሥር ሲተኙ ብርዱ ስላንቀጠቀጣቸው ጋቢ ደርቤላቸው አስታውሳለሁ። ያ መጠለያ እኔ ጡረታ እስክወጣ ቆሞ ነበር።

ከብዙ ልመና በኋላ ከዳባት ወጣ ብሎ ላለ መንደር የንባብ ቤት እንድንሠራ ተፈቀደልን። ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። መጽሐፍ የሚቀመጥበት ቤት፣ ያውም በቀርከሃ! በዕድሜዬ እንደዚያ የተመኘሁት ነገር የለም። ኅዳር ላይ መቁረጥ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ግን ጋሽ አለኸኝን ታይፎይድ ጣላቸውና ጎንደር ሆስፒታል ገቡ። አለቃዬ ጠራኝ።

«እሳቸውን እንጠብቅ?» አለኝ።

«መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው» አልሁት።

በዚህ ቃሌ ነው ሁሉም የተጀመረው። ስሌቴን ላስረዳ። ቀርከሃ አዲስ የሚያወጣው በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በየነሐሴው ሸለቆው ወርጄ አዲሶቹን በዚያ ዓመት ቀለም እቀባለሁ፤ መጀመሪያ ቀይ፣ በማግስቱ ዓመት ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጭ፤ ከዚያ እንደገና ከቀይ እጀምራለሁ። መስከረም ሲጠባ መዝገቡ ላይ የሁሉንም ዕድሜ በአንድ እጨምራለሁ። ለቤት የሚሆን ቀርከሃ ሦስት ዓመት የሞላው ነው ብዬ ጽፌያለሁ። የነጩ ዓመት ኅዳር ላይ ነበርን። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ቀዩ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ቀይ የተቀባውን በሙሉ አስቆረጥሁ። የሚያንኳኳ አልነበረም።

ጋሽ አለኸኝ አገግመው ሲመጡ ጣራው አልቆ ሳሩ ተከድኖ ነበር። ከስተው፣ ምርኩዝ ይዘው ገቡ። እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አንጥፈው ተኙ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሡና አንዱን ቋሚ አንኳኩ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት።»

«ቆጥረሽዋል?»

«ቆጥሬዋለሁ ጋሼ።»

እጃቸውን ከቋሚው ላይ አላነሡም። «ድምፁ ቀለል አለኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «በሽታው ጆሮዬንም ሳይወስደው አልቀረም» ብለው ፈገግ አሉና ወጡ።

ቤቱ አንድ ክረምት ቆመ። ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ሊያነቡ የሚመጡት ልጆች የክረምት ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ውስጥ የነበረችው አበዙ ብቻ ናት። አበዙ ባሏ የሞተባት፣ በጥጥ ፈትል የምትተዳደር የመንደሩ ሴት ናት፤ እጇ የፈተለው ድር ሸማኔ የሚሻማበት ነበር። የንባብ ቤቱን ቁልፍ የምትይዘውም እሷ ነበረች። መስኮት ልትዘጋ ገብታ ጣራው ወረደባት።

ደርሼ ያየሁትን አሁንም ማመን ያቅተኛል። ቤቱ የወደቀ አይመስልም፤ የተቀመጠ ይመስላል። የረጠበው ሳርና በረዶው ሙሉውን ጣራ እንዳለ ይዘውት ወርደዋል። አበዙን አውጥተው ወስደዋታል። ቀኝ እጇ በሁለት ወራጅ መሀል ተጨፍልቆ ነበር። ከተሰበረው ቀርከሃ አንዱን አነሣሁ። ቀለለኝ። ስገለብጠው እንደ ዱቄት ያለ ነገር ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ነቀዝ ከውስጥ ጨርሶት ልጡን ብቻ ነው የተወው። ቀዩ ቀለም ግን እንደ ትናንት ደምቆ ነበር።

አልገባኝም። በውሃ ተነክሯል፣ ጥላ ላይ ደርቋል፣ በጠፍር ታስሯል፤ ሁሉንም ራሴ ቆሜ አስደርጌያለሁ። ዘመን ተለወጠና በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ወትሮው ዕድሜ ልጨምር ሸለቆው ወረድሁ። ባለፈው ወር የቀባሁት አንድ አዲስ ቀርከሃ ፊት ቆሜ መዝገቡን ገለጥሁ። ከቁመቴ አይበልጥም። ቡናማው ሽፋን ገና አልረገፈለትም፤ በጥፍሬ ብጫነው እንደ ለጋ ዱባ ይሰረጎዳል። እጄ እንደ ለመደው ጻፈ፦ «አንድ ዓመት»።

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ።

አንድ ዓመት! የሠላሳ ቀን ነገር ነው። በነሐሴ በቅሎ፣ ጳጉሜን አልፎ መስከረም ስለጠባ ብቻ በእኔ መዝገብ የአንድ ዓመት ሆነ። ቁጭ አልሁና በጣቴ ቆጠርሁ። ቀዩ በበቀለበት ክረምት ገና ሕፃን ነው፤ አይቆጠርም። የሰማያዊው ዓመት ክረምት፣ አንድ። የቢጫው ዓመት ክረምት፣ ሁለት። የነጩ ዓመት ክረምት ገና ሳይመጣ፣ በኅዳሩ አስቆረጥሁት፤ ገና ለጋ፣ አንድ ወር ቢነከርም ጣፋጩ የማያልቅለት። ጋሽ አለኸኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሉት «ከበቀለበት ወዲያ ሦስት ክረምት ይለፍበት» ነበር። እኔ የተማርሁት ሴትዮ «ሦስት ዓመት» ብዬ አሳምሬ ጻፍሁት። በየዓመቱ አንኳኩተው የሚተዉብኝ እነዚያኑ ነበር። በየዓመቱ መዝገቤን ያረሙልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እናደድባቸው ነበር።

ከመስቀል በኋላ አጥኚ ኮሚቴ ተቀመጠ። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ። ልናገር ነው የሄድሁት። እውነቴን ነው፤ የምናገረውን ጽፌ ይዤ ነበር።

«ቀርከሃውን ያስቆረጠው ማነው?» አለ ሰብሳቢው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከፊቴ ጋሽ አለኸኝ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያኔ ሆስፒታል አልነበሩም እንዴ?»

«በሽተኛ አፍ የለውም? ተኝቼ አዘዝሁ።»

«የተቆረጠውን ሳያዩ?»

«ሳላይ። ጥፋቴ ነው።»

ሲቀመጡ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመናም አልነበረበትም። እንዲሁ አዩኝ። ሰብሳቢው «ሌላ አስተያየት ያለው?» አለ። ወረቀቱ እጄ ውስጥ ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በራሴ ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እኔ የሌላውን ሰው የነጥብ ስሕተት የማላልፍ ሴት! ስብሰባው ተበተነ።

ጋሽ አለኸኝ ከሥራ ተሰናበቱ። ከሁለት ወር በኋላ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። ደብዳቤው «በሥራዋ ጥንቁቅ በመሆኗ» ይላል። ተቀበልሁ። መዝገቡ ላይ «ዓመት» የሚለውን ሰርዤ «ክረምት» አልሁት፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ በኋላ በሠራናቸው ቤቶች አንድም አልወደቀም። ግን ሕዝቡን እንደገና ለማሳመን ዓመታት ፈጀብን። «ያ ጎጃሜ እኮ ሴትዮዋን ሊገድላት ነበር» ይሉናል።

እሳቸው ደባርቅ ገበያ ላይ ቅርጫትና የንብ ቀፎ ይሸጡ ጀመር። ሳልፍ ይጠሩኛል።

«ደብተሬ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

ስለ ሌላ ሌላው እናወራለን። አንድ ቀን ግን ቀፎ እየጠለፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አሁን ምኑን ነው የምትቆጥሪው?» አሉኝ።

«ክረምቱን ነው የምቆጥረው።»

«ጎሽ» አሉ። ያኔ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልጠየቅሁም።

አበዙ እጇ ተጣምሞ ዳነ፤ እንዝርት መያዝ ግን ቀረ። ጠላ እየጠመቀች ኖረች። ገበያ ላይ ጋሽ አለኸኝን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ታልፋለች። «እጄን የበላ ሰው» ትለኛለች፤ ለእኔ! እጇን ይዣት እየሄድሁ። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ሰው ሳሳ። ያን ሁሉ ጣራ ለሰው ያለበሱ ሰው፣ አስከሬናቸውን የተሸከሙት ሲደክማቸው የሚያግዛቸው ጠፍቶ መንገድ ላይ ሲያርፉ አየሁ። ያኔም ዝም አልሁ።

የጡረታዬ ጊዜ ደረሰና መዝገቡን ለምትተካኝ ልጅ አስረከብሁ። የተማረች፣ ጠያቂ ልጅ ናት። ገጽ በገጽ አየችውና «እትዬ፣ እዚህ ድረስ ዓመት ይላል፤ ከዚህ በኋላ ክረምት ይላል። ለምን ተለወጠ?» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እንዲሁ ነው» አልኋት። ነገ ይቺ ልጅ «እንዲሁ ነው» ብላ መልሳ ብትለውጠውስ?

በማግስቱ ረፋድ ላይ አበዙ ቤት ሄድሁ። ጌሾ ስትወቅጥ አገኘኋት፤ በግራ እጇ።

«አበዙ፣ የዚያን ቤት ቀርከሃ ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ጋሽ አለኸኝ አይደሉም። እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ። ዕድሜውን የቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ክረምት ሲቀረው ደርሷል አልሁ።»

ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ተወችው። ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችው።

«ይኼን እጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። የመጣው ግን ያልጠበቅሁት ነገር ነው።

«ለቅሶው አልሄድሁም እኮ» አለች። «ሰው ሲሄድ እኔ በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አርባው ሲወጣም አልሄድሁ። ሚስቱ ገበያ ላይ እንደምን አደርሽ ስትለኝ ፊቴን አዞርሁባት። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፊቴን ሳዞር አጠገቤ ቆመሽ?»

«አዎ።»

«ወይ አንቺ!» አለች። ሌላ ስድብ ፈልጋ ያጣች ትመስል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሳስብ የኖርሁት እጇንና የእሳቸውን ስም ነው፤ በዝምታዬ እሷንም ሰው የበደለች እንዳደረግኋት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

«ተነሺ» አለችኝ።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶ ለበሰች። በአንድ እጇ ስትታገል ላግዛት እጄን ብዘረጋ «ተይው!» አለችኝ። ሚኒባስ ይዘን ወደ ደባርቅ ሄድን። አንዲት ተሳፋሪ ነጠላዋን አይታ «ማን አርፎ ነው?» ብትላት «አባቴ ናቸው» አለች።

የጋሽ አለኸኝ ባለቤት እትዬ ብዙአየሁ ደጃፋቸው ላይ በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። አበዙ ከአጥሩ በር ጀምራ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ «ወይኔ ጋሽ አለኸኝ! ወይኔ አባቴ!» እያለች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እትዬ ብዙአየሁ ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ።

«ምነው ልጆቼ? የማን ለቅሶ ነው?»

«የጋሽ አለኸኝ።»

«የኔ እናት፣ ሁለት ዓመት አለፈው እኮ።»

«እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች አበዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ተቀመጪና ንገሪያቸው።»

ተቀመጥሁ። እትዬ ብዙአየሁ ሰፌዱን ከጉልበታቸው አወረዱ።